በቅሎ ሳሽ ከረምኩ

ሙያዬ ፊዚዮቴራፒ ነው። ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ይህን ቃል ሳይሰናከል የሚጠራልኝ ሰው ስላላገኘሁ ገሚሱ «ማሳጁ»፣ ገሚሱ «ወጌሻው» ይለኛል። የአጎቴ ልጅ ደግሞ ከሰው ሲያስተዋውቀኝ «ሐኪም ነው፤ ግን መድኃኒት አይሰጥም» ይላል። ሥራዬ የታመመ ወገብ፣ የደረቀ ትከሻ፣ ከጀሶ የወጣ እግር፣ በስትሮክ የዛለ እጅ እንደገና እንዲንቀሳቀስ መርዳት ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቼበታለሁ።

በእነዚህ ዓመታት አጥብቄ የተማርኩት ነገር ቢኖር ሰው እንደሚዋሽ ነው። «እቤትዎ እንቅስቃሴውን ሠርተዋል?» ብዬ ስጠይቅ «እንዴታ! ጠዋትም ማታም!» የማይለኝ በሽተኛ የለም። ክንዱን ይዤ ከፍ ላደርገው ስሞክር ግን ክንዱ እንደ በር መቀርቀሪያ ድርቅ ብሎ እውነቱን ይነግረኛል። እኔም እንዳልገባኝ ሆኜ «ጎበዝ፣ በዚሁ ይቀጥሉ» እላለሁ። ስለዚህ እኔም እዋሻለሁ ማለት ነው።

አንድ ቀን በሆስፒታላችን የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ «ፊዚዮቴራፒስቶችን ወደ እንስሳት ሕክምና የሚያሸጋግር የድኅረ ምረቃ ሥልጠና፤ ሥራ ሳይለቁ በትርፍ ጊዜ» የሚል ወረቀት አየሁ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ለእንስሳት ካለኝ ፍቅር የተነሳ ነው የተመዘገብኩት ብላችሁ ደስ ባለኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን የማይዋሽ በሽተኛ አምሮኝ ነው።

ባለቤቴ ስንዱ ወረቀቱን አነበበችና መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አየችኝ።

«ሰዎቹ አለቁልህ?»

«አላለቁም። ሙያዬን ላሰፋ ነው።»

«ወደ አህያ?»

በማግስቱ ሄጄ ተመዘገብኩ።

ትምህርቱ የሚሰጠው ጅማ፣ በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜና እሁድ ነበር። በመጀመሪያው ጉዞዬ አውቶቡሳችን መንገድ ላይ ጭቃ ውስጥ ገባ። ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ሲገፋ አመሸ፤ መንገድ ላይ አድረን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ለብሼ ክፍል ገባሁ። የጠዋቱ ትምህርት አልፏል። አጠገቤ የተቀመጠውን ሰው «ምን ተማራችሁ?» አልኩት። «መግቢያ ነው፣ ምንም አላመለጠህም» አለኝ። ይህን ሰው እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም፤ ምክንያቱን ትደርሱበታላችሁ።

በሁለተኛው ጉዞ ለልምምድ አንዲት አህያ አቀረቡልን። ተራዬ ሲደርስ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልማዴ መላቀቅ አቅቶኝ ጎንበስ አልኩና «ይቅርታ እናቴ፣ እግርዎን ትንሽ ከፍ ያድርጉልኝ» አልኳት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አህያዋ ብቻ አልሳቀችም። እግሯንም አላነሳችም።

ከዚያ የቤት ሥራው መጣ። እያንዳንዳችን በየከተማችን መራመድ ያስቸገረውን አንድ እንስሳ ፈልገን ሁለት ወር ልናክም፣ የየቀኑን ለውጥ ልንጽፍ፣ በመጨረሻም አስተማሪያችን መጥቶ ሊያይልን ነው። እኔም እንስሳ ፍለጋ የሚዛን ከብት ገበያ ወረድኩ።

ገበያ ውስጥ ሳይገዙና ሳይሸጡ የከብት እግር እግር እያዩ መዞር ምን ያህል እንደሚያስጠላ ያወቅኩት ያን ቀን ነው። አንዱ ደላላ መሰልኩት፤ ሌላው ሌባ። በመጨረሻ አንዲት ዳለቻ በቅሎ አየሁ። ባለቤቷ ስድሳውን የተሻገሩ፣ ጥቁር የለበሱ ሴት ናቸው። ገዢው በቅሎዋን ወዲያና ወዲህ አስኪዷት፣ ጥርሷን አይቶ፣ ዋጋ ተስማምቶ እጁን ሊሰጥ ዘርግቷል። እኔ ደግሞ የበቅሎዋን ጭንቅላት እያየሁ ነበር። የግራ የፊት እግሯ መሬት ሲነካ ጭንቅላቷ በትንሹ፣ በጣም በትንሹ፣ ወደ ላይ ይላል። ይህን ማየት የተማረ ዓይን ይጠይቃል። የተማረ ዓይኔ አይቶ ዝም ቢል ምን ነበረበት?

«ታነክሳለች!» ብዬ ጮህኩ። «የግራ የፊት እግሯን ታነክሳለች!»

በደስታ ነበር የጮህኩት፤ የምፈልገውን በሽተኛ አግኝቻለሁና። ገዢው የዘረጋውን እጁን ሰብስቦ ኪሱ ከተተ። ዙሪያውን የቆመው ሰው በቅሎዋን አየ፣ እኔን አየ፣ ተበተነ። ሴትዮዋና እኔ በቅሎዋን መሃል አድርገን ቀረን።

ወይዘሮ ታደለች ይባላሉ። አማርኛን ያወቁት ካደጉ በኋላ ስለሆነ ንግግራቸው አጭር ነው፤ አንድም ቃል በከንቱ አይወጣም።

«አሁን ማን ይገዛታል?» አሉኝ።

ገዢው የሄደበትን አየሁ።

«ባሌ ሞተ። ልጄ ቴፒ ናት፤ ነይ አለችኝ። በቅሎ የማስርበት ቦታ የለኝም አለች። ይህችን ሳልሸጥ እንዴት እሄዳለሁ?» የበቅሎዋን አንገት ያዙ። «የምታነክስ በቅሎ እኛ አገር ምን እንደምትሆን ታውቃለህ? ጫካ ዳር ትታሰራለች። ጅብ ይጨርሳታል።»

አውቅ ነበር። ቡናው ከጓሮ ወደ መኪና መንገድ የሚወርደው በበቅሎ ጀርባ በሆነበት አገር፣ መሸከም የማትችል በቅሎ የሚቀልባት የለም። በአንድ ቃሌ የሴትዮዋን መንገድ ዘግቼ፣ በበቅሎዋ ላይ ደግሞ ሞት ፈርጃለሁ።

«እኔ አድናታለሁ» አልኩ። «የእንስሳት ሕክምና እየተማርኩ ነው። ሁለት ወር ይስጡኝ።»

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ከዚያ ገመዱን እጄ ላይ አስቀመጡት። «ስሟ ወይዘሪት ነው» አሉ። «ባሌ ነው ያወጣላት። በቅሎ አታገባም፣ አትወልድም ብሎ።»

ወይዘሪት እንዲህ አድርጋ ግቢያችን ገባች። በመጀመሪያው ቀን የስንዱን ጎመን ከነሥሩ ጨረሰች። በሁለተኛው ቀን ለዳቦ መጋገሪያ የተቀመጠውን ኮባ በላች። በሦስተኛው ቀን ገመድ ላይ የተሰጣውን የሥራ ጋውኔን አንዱን እጅጌ አኝካ ተፋችው። እኔ ግን ሳልሰለች ጠዋትና ማታ ትከሻዋን አሻት፣ በሞቀ ውሃ የተነከረ ጨርቅ አደርግላት፣ እግሯን ወደ ፊት እየሳብኩ አፍታታላት ጀመር።

ስንዱ ደጃፉ ላይ ቆማ አየችኝ።

«ለእኔ ወገብ አንድ ቀን ውሃ አሙቀህ ታውቃለህ?»

«ያንቺ ጭንቀት ነው፤ የእሷ ጡንቻ ነው» አልኩ። ለዚህ መልሴ አራት ቀን ምሳ ቀዝቅዞ ቀርቦልኛል።

ማለዳ ማለዳ ከሥራ በፊት ወይዘሪትን ይዤ በአስፋልቱ ዳር አንሸራሽራት ነበር። ባጃጅ ነጂዎቹ አጠገቤ ሲደርሱ ቀስ ይላሉ። «ዶክተር፣ መኪና ገዛህ እንዴ?» ይላል አንዱ። «ጎማዋን ቀይርላት!» ይላል ሌላው። ወሬው ሆስፒታል ለመድረስ ሳምንት አልፈጀበትም። ትከሻው የደረቀበት አንድ መምህር ላሸው እጄን ስዘረጋ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ።

«በዚሁ እጅ ነው በቅሎዋን የምታሻት?»

«ታጥቤያለሁ።»

«እሱን አልጠየቅኩህም። በዚሁ እጅ ነው ወይ?»

ነገሩ ግምገማ ላይ ቀረበ። አሥራ አንድ ሰው ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ ስለ እጄ ተነጋገረ። አንዷ ነርስ «ሰውን ከበቅሎ እኩል የማየት ዝንባሌ ይታይበታል» ስትል፣ የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ደግሞ «በቅሎንም ከሰው እኩል» ብሎ አሟላላት። እኔም በአስተያየት መስጫ ሰዓት ተነስቼ ድክመቴን ተቀበልኩ። በቅሎዋን ከሥራ ሰዓት ውጭ ብቻ እንዳክም፣ እጄንም ሦስት ጊዜ እንድታጠብ ተወስኖ ተበተንን።

ይህን ሁሉ ችዬ ሦስት ሳምንት አሻኋት። ደብተሬ ላይ በየቀኑ «መጠነኛ መሻሻል» እያልኩ ጻፍኩ። ወይዘሪት ግን የምትሻለው ደብተሬ ላይ ብቻ ነበር። እንዲያውም ማነከሷ የተማረ ዓይን የማይጠይቅ ሆነ፤ ስንዱም፣ ጎረቤቱም፣ ባጃጅ ነጂውም ያየው ጀመር።

ወይዘሮ ታደለች በየገበያው ቀን በቅሏቸውን ሊያዩ ይመጡ ነበር፤ ከቀያቸው እስከ ሚዛን በእግር ሦስት ሰዓት ነው። ሣር ተሸክመው ይመጣሉ፣ ሲያበሏት ይቆያሉ፣ «ምን ትላለህ?» ይሉኛል፣ እኔ «ለውጥ አለ» እላለሁ፣ ይሄዳሉ። በሦስተኛው ሳምንት ግን አልጠየቁኝም። ገመዱን አስያዙኝና ጎንበስ ብለው የግራ እግሯን አነሱ። ወይዘሪት ለእኔ በልመናም በጉተታም የማትሰጠውን እግር ለእሳቸው ወዲያው ሰጠች። ጭቃውን በጣታቸው ጠረጉና ኮቴዋን አሸተቱ።

«ና አሽትት» አሉኝ።

አሸተትኩ። የበሰበሰ ሥጋ ይሸታል።

የዚያኑ ዕለት የወረዳውን የእንስሳት ሐኪም ለምኜ አመጣሁ። ወጣት ነው፤ የተላጠ ቦት ጫማ አድርጓል። ኮቴዋን በቢላ ጫፍ ትንሽ ሲቀርፈው ጥቁር መግል ፈንጥቆ ወጣ። ወይዘሪት ትልቅ ትንፋሽ ተነፈሰች። የተነፈሰችው አፍንጫዬ ላይ ነው።

«ወራት የቆየ ነው» አለ ሐኪሙ። «አንተ ምን ስታደርግላት ነበር?»

«ትከሻዋን…»

«ትከሻዋን?» እጁን እየጠረገ አየኝ፤ አልሳቀም፤ ቢስቅ ይሻለኝ ነበር። «በቅሎ ስታነክስ መጀመሪያ ኮቴ ነው የሚታየው። ጅማ ይህን አላስተማሯችሁም?»

በሚቀጥለው ጉዞዬ «ምንም አላመለጠህም» ያለኝን ሰው ደብተር ነጥቄ ገለጥኩ። የመጀመሪያው ገጽ፣ የመጀመሪያው መስመር፣ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበት፦ «ሁልጊዜ ከኮቴ ጀምሩ።»

ያን ሰሞን ትምህርቱን ልተወው አስቤ ነበር። አንዲት አስተዋይ ሴት አፍንጫዋን ተጠቅማ ያገኘችውን እኔ ሦስት ሳምንት ሙሉ በሞቀ ውሃ ስሸፍነው ከርሜያለሁ። አንድ ሳምንት ቢጨመርበት ምን ይሆን እንደነበር ሐኪሙ ሊነግረኝ ሲጀምር «በቃ፣ ገብቶኛል» ብዬዋለሁ። ለወይዘሮ ታደለችም በሚቀጥለው ገበያ ሲመጡ ሳልሸፋፍን ነገርኳቸው፦ «ተሳስቻለሁ እናቴ። አላወቅኩም ነበር፤ እንዳወቀ ሰው ሆንኩ።»

«አሁን አወቅህ?» አሉኝ።

«አሁን ትንሽ አወቅኩ።»

«እንግዲያው ጀምር።»

እንደ አዲስ ጀመርኩ። ኮቴዋ በየቀኑ እየታጠበ፣ በጨርቅና በጎማ ቁራጭ እየተጠቀለለ ደረቀ። መግሉ ሲጠፋ ግን አዲስ ነገር ታየ፤ ወራት ሙሉ አጥብቃ ያልረገጠችበት እግር ከሌላው ከስቷል፣ ትከሻዋም ጎድጉዷል። አሁን ነገሩ ወደ ሙያዬ መጣ። ግቢው ውስጥ የባሕር ዛፍ እንጨቶች በመሬት ላይ አጋድሜ እግሯን እያነሳች እንድትሻገር አደረግሁ። መጀመሪያ ሜዳ ለሜዳ፣ ቀጥሎ ቀስ ባለ ዳገት፣ ቀጥሎ በቁልቁለት አራመድኳት። ክረምቱ ሁሉ በላያችን ላይ ዘነበ። አንድ ማለዳ ካንዱ እንጨት ወደ ሌላው ስትሻገር ጭንቅላቷን አየሁ፤ አልተነቃነቀም። መልሼ አሻገርኳት። አልተነቃነቀም። ዝናቡ ውስጥ ቆሜ ስንዱን ጠራኋት። ጋቢዋን ደርባ ወጣች፤ ሁለት ጊዜ አየችልኝና «እውነትም ደህና ሆናለች» አለች። ከዚያም በገዛ እጇ ጎመን ቆርጣ ሰጠቻት። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ እንዲህ ደስ ብሎኝ የሚያውቅ አይመስለኝም።

አስተማሪያችን ሲመጣ ወይዘሪትን አይቶ ደብተሬን አነበበ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት ሲያነብ ቅንድቡ ቀስ በቀስ ወደ ፀጉሩ ተጠጋ። አሳለፈኝ። ከግርጌ «መነሻው የተሳሳተ፣ መድረሻው ጥሩ» ብሎ ጻፈና አንድ ማስጠንቀቂያ በቃል ጨመረልኝ፦ «ጭነት በግማሽ፤ ዳገት ላይ ከዚያም ያነሰ። ሙሉ ከተጫነባት ይህ እግር ዓመት አይቆይም።»

በቀጣዩ ገበያ ወይዘሮ ታደለችና እኔ ወይዘሪትን ይዘን ወጣን። ተቦርሻ አምሮባታል። ብዙ ሰው አስታውሶን ተሰበሰበ። አቶ ከድር የሚባሉ ቡና ነጋዴ፣ ስድስት በቅሎ የሚያሠሩ ትልቅ ሰው፣ አስኪደው አዩዋት፤ እግሯን አነሱ፤ ወደዷት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ያከምካት አንተ ነህ አሉ። ሙሉ ጭነት ትችላለች?»

ሰው ሁሉ አፌን ጠበቀ። ወይዘሮ ታደለች ግን መሬት መሬት ያያሉ። አንድ ቃል ብቻ ነው የሚፈለገው፤ «ትችላለች» ማለት። ለበሽተኞቼ «ጎበዝ፣ በዚሁ ይቀጥሉ» ስል የኖርኩ ሰው ይህችን ቃል መናገር አያቅተኝም። ሴትዮዋ ልጃቸው ጋ ይሄዳሉ። በቅሎዋም ገዢ ታገኛለች። አፌን ከፈትኩ።

«ግማሽ ጭነት» አልኩ። «ዳገት ላይ ከዚያም ያነሰ።»

አቶ ከድር ራሳቸውን ነቀነቁ። «ስለ እውነቱ አላህ ይስጥህ። ለእኔ ሥራ ግን አትሆንም» ብለው ሄዱ። የተሰበሰበው ሰው ተበተነ። በዚያው ሥፍራ ለሁለተኛ ጊዜ ሴትዮዋና እኔ በቅሎዋን መሃል አድርገን ቀረን።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ።

«ትዋሻለህ ብዬ ፈርቼ ነበር» አሉኝ። «ብትዋሽ ሙሉ ይጭንባታል፤ ትሞታለች።» ገመዱን ከእጄ ወሰዱ። «በቃ፣ አልሸጥም። በእግር እንሄዳለን።»

«የት?»

«ቴፒ።»

«ልጅዎ ቦታ የለኝም ብላለች አላሉም?»

«በስልክ ነዋ ያለችው። ደጇ ላይ ቆመን ስታየን ምን ትላለች?»

ለጉዞው ምክር ሰጠኋቸው፤ በየሰዓቱ ያሳርፏት፣ ቁልቁለት ላይ አይንዷት፣ ወንዝ ሲያገኙ ኮቴዋን ያጽዱላት፣ ምንም አይጫኑባት፣ እርስዎም አይቀመጡባት። ሁሉንም አንድ በአንድ ደገሙልኝ። ስልክ ቁጥሬን በወረቀት ጽፌ ሰጠኋቸው። እኛ ቤት አደሩና በነጋታው ማለዳ እስከ ከተማው መውጫ ሸኘኋቸው። እሳቸው ከፊት፣ ወይዘሪት ከኋላ ሆነው ሲርቁ ቆሜ የወይዘሪትን አረማመድ አየሁ። አራቱም እግሮቿ እኩል ይወርዳሉ። ኩራት ተሰማኝ።

በሦስተኛው ቀን ስልኬ ጮኸ። የማላውቃት ሴት ናት።

«አልማዝ እባላለሁ፤ የወይዘሮ ታደለች ልጅ። ከቴፒ ነው።»

«ገቡ? በቅሎዋ እንዴት ናት? ታነክሳለች?»

«በቅሎዋ ደህና ናት። ጓሮዬን እየበላች ነው። እናቴ ናት መነሳት ያቃታት። ጉልበቷ አብጦ አልታጠፍ ብሏል።»

ሥራ አስፈቅጄ በማግስቱ በመጀመሪያው ሚኒባስ ቴፒ ሄድኩ። ወይዘሮ ታደለች በረንዳው ላይ ቀኝ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። ጉልበታቸው ተነፍቷል። ስነካው ፊታቸው ተኮማተረ። የዛሬ ሁለት ቀን ያመመ ጉልበት አለመሆኑን እጄ ወዲያው ነገረኝ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ሦስት ዓመት ይሆነዋል።»

በየገበያው ቀን ሦስት ሰዓት መምጫ፣ ሦስት ሰዓት መመለሻ፣ ያውም ሣር ተሸክመው። ሁለት ወር ሙሉ ግቢዬ ገብተው ወጥተዋል። የበቅሎ ጭንቅላት በጣት ስፋት ከፍ ሲል አይቼ ገበያ ያደናገጥኩ ሰው እኒህን ሴት ስንት ጊዜ እስከ በር ሸኘኋቸው? በዚያ ጉልበት እስከ ቴፒ እንዲሄዱ ምክር ሰጥቼ፣ በቅሎዋ ላይ እንዳይቀመጡ ከልክዬ፣ የበቅሎዋን አረማመድ እያየሁ ኮርቼ ተመለስኩ።

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?» አልኩ። ድምፄ ትንሽ ከፍ ሳይል አልቀረም።

ልጃቸውን አዩ፤ እኔን አዩ። በእውነት ግራ ገብቷቸዋል።

«አንተ የበቅሎ ሐኪም አይደለህ እንዴ?» አሉኝ። «ሰውም ታያለህ?»

አልማዝ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። እኔ በረንዳው ላይ ቁጭ አልኩና እግራቸውን ቀስ ብዬ ጭኔ ላይ አሳረፍኩ፤ ከዚያ አልማዝን ትንሽ ውሃ እንድታሞቅልኝ ጠየቅኳት።